የተነፈሰ ሳንባ፦ ስለ ኒሞቶራክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕክምና ተማሪዎች፣ ሲ-ዋን (የመጀመሪያው የሆስፒታል ልምምድ ዓመት) ከገባችሁ ጀምሮ በየራውንዱ የምትጠየቁት፣ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ስትሆኑ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቻችሁን የሚገጥማችሁ ነገር ስለሆነ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደ ቴክስትቡክ አይደለም፣ እናንተ እንደምትጠይቁኝ ነው።

"ኮላፕስድ ላንግ" እና ኒሞቶራክስ አንድ ናቸው እንዴ?

በወሬ ላይ አዎ፣ በሽተኛ ላይ ግን አይደሉም፣ እና ይሄን የሚያቀላቅል ተማሪ ብዙ ነው። ሳንባ በሁለት መንገድ ይተነፍሳል። አንደኛው አየር ከሳንባው ውጪ ሲጠራቀም ነው፣ ማለትም ሳንባውን በሸፈነው ፕሉራ (ስስ ሽፋን) እና የደረቱን ግድግዳ ከውስጥ በሸፈነው ፕሉራ መሀል። ይሄ ኒሞቶራክስ ነው። ሁለተኛው ብሮንከሱ (ወደ ሳንባ የሚገባው የአየር ቱቦ) በአክታ ወይም በዕጢ ወይም ህጻን ልጅ ትን ባለው ኦቾሎኒ ተዘግቶ፣ ከተዘጋበት በታች ያለው አየር ቀስ እያለ ወደ ደም ተመጥጦ ሲያልቅ ነው። ይሄ አቴሌክታሲስ ነው።

ልዩነቱን በእጃችሁ ታገኙታላችሁ። ፐርከስ ስታደርጉ (ደረቱን በጣት መታ መታ ስታደርጉ) ኒሞቶራክስ ከበሮ ነው፣ አቴሌክታሲስ ደፈን ያለ ነው። ትራኪያን (አንገት ላይ ያለውን ዋና የአየር ቧንቧ) ደግሞ ትልቅ ኒሞቶራክስ ወደ ጤነኛው ጎን ይገፋታል፣ አቴሌክታሲስ ወደ ራሱ ይጎትታታል። የትንፋሽ ድምፅ ሁለቱም ላይ ስለሚቀንስ ስቴቶስኮፕ ብቻውን አያወጣችሁም። ይሄን ሳይለዩ አቴሌክታሲስ ላይ ቸስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ ያለ አየር የሚያስወጣ ቱቦ) ማስገባት ማለት ምንም አየር በሌለበት ቦታ ሳንባ ፍለጋ መሄድ ነው።

ሳንባው ለምንድነው የሚሰበሰበው ግን?

ሳንባ እንደ ላስቲክ ነው፣ ሁሌም መሰብሰብ ይፈልጋል፣ የደረት ግድግዳ ደግሞ ወደ ውጭ መዘርጋት ይፈልጋል። በሁለቱ ጉተታ መሀል ፕሉራው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ይሆናል፣ በእርጋታ ትንፋሽ አውጥተን ስንጨርስ ከውጭው አየር 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከውስጥም ይሁን ከውጭ ቀዳዳ ከተገኘ አየሩ እዛ ባዶ ግፊት ውስጥ ይገባና ሳንባው እንደ ጎማ ይተነፍሳል (አማርኛችን ለሰውም ለጎማም "ተነፈሰ" ማለቱ እዚህ ጋ በጣም ይመቸኛል)። ቀዳዳው አየር የሚያስገባ ግን የማያስወጣ ቫልቭ ከሆነ በየትንፋሹ አየሩ እየተጨመረ ግፊቱ ያድግና ሚዲያስቲነም (በሁለቱ ሳንባ መሀል ያለው፣ ልብ ያለበት ክፍል) ይገፋል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ፕሬዠር (የደም ግፊት) ይወርዳል። ቴንሽን የምንለው ይሄን ነው።

ማን ላይ ነው ቶሎ መጠርጠር ያለብኝ?

ፈተና ላይ የሚመጣው ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚያጨስ ወጣት ወንድ ነው። እውነት ነው፣ ይሄ ፕራይመሪ ስፖንቴኒየስ የሚባለው ነው፣ ሳንባው ጫፍ ላይ ብሌብ የሚባል ትንሽ የአየር ፊኛ ይፈነዳል። ብዙ ሰው ከባድ ነገር ሲያነሳ ወይም ሲሮጥ ነው የሚመጣው ብሎ ያስባል ግን አብዛኛው ጊዜ ቁጭ ባለበት ነው የሚጀምረው።

ዋርድ ላይ ግን የምታዩት እሱን ብቻ አይደለም። የሳንባ ቲቢ የነበረበት ወይም ያለበት፣ ኤችአይቪ ኖሮበት ኒሞሲስቲስ (የሳንባ ፈንገስ) የያዘው፣ ሲኦፒዲ (የአየር መተላለፊያን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ያለበት ሽማግሌ፣ እነዚህ ሴኮንደሪ (በሌላ የሳንባ በሽታ የመጣ) ናቸው፣ እና እነሱ ላይ ትንሽ ኒሞቶራክስም ቢሆን ከባድ ነው ምክንያቱም የቀረው ሳንባ ድሮም መጠባበቂያ የለውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ በ1819 እ.ኤ.አ. ስለ ደረት ምርመራ ሲጽፍ በዛን ዘመን የነበረው ኒሞቶራክስ አብዛኛው ከቲቢ ነበር። የሚገርመው ደግሞ በ1882 ፎርላኒኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ቲቢ ያለበትን ሳንባ ለማሳረፍ ሆን ብለን አየር እናስገባበት የሚል ሀሳብ አመጣ፣ እና መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ ለአሥርት ዓመታት እንደ ሕክምና ሲሰራበት ኖረ።

ትራውማ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ቢላ፣ ጥይት፣ የመኪና አደጋ፣ የተሰበረ የጎድን አጥንት። የማይወራው በኛ በራሳችን እጅ የሚመጣው ነው። ሰብክላቪያን ላይን (ከአንገት አጥንት ሥር ባለ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ)፣ ቶራሴንቴሲስ (ከደረት ፈሳሽ በመርፌ መቅዳት)፣ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን)። ፕሮሲጀር ከሰራችሁ በኋላ በሽተኛው ትንፋሽ አጠረኝ ካለ "ፈርቶ ነው" አትበሉ።

በሽተኛው ምን ብሎ ነው የሚመጣው?

"ውጋት ያዘኝ" ብሎ ነው። ችግሩ ውጋት በአማርኛ የማይሸፍነው ነገር የለም፣ ኒሞኒያም ውጋት ነው፣ የጡንቻ ህመምም ውጋት ነው፣ ፒኢም (ሳንባ ደም ሥር ውስጥ የተሰነቀረ የረጋ ደም) ውጋት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለባችሁ መች ጀመረ፣ እንዴት ጀመረ የሚለውን ነው። ሰዓቱን ከነደቂቃው ከነገራችሁ፣ "ሻይ እየጠጣሁ ድንገት እዚህ ጋ ወጋኝ ከዛ ትንፋሼ አጠረ" ካለ፣ ትኩሳትና አክታ ከሌለ፣ ጆሯችሁ ይቁም።

ኢንተርን እያለሁ አንድ የ20ዎቹ መጀመሪያ ልጅ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) መጥቶ "ንፋስ ገብቶብኝ ነው" አለኝ። ደረቱን በልብሱ ላይ ከፊት ብቻ ሰማሁት፣ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ዳይክሎፌናክ ወግተነው ሸኘነው። ማታ ኢመርጀንሲ ተመልሶ መጣ፣ የቀኝ ሳንባው ሙሉ ለሙሉ ተሰብስቦ። ንፋስ ገብቶበታል፣ ልጁ ትክክል ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ከዛ ቀን በኋላ ልብስ ሳላስወልቅ ደረት ሰምቼ አላውቅም።

ፊዚካል ኤግዛም ላይ ምን አገኛለሁ?

በታመመው በኩል ደረቱ እንደሌላኛው አይነሳም፣ ፍሬሚተስ (ሲናገር ደረቱ ላይ በእጅ የሚሰማው ንዝረት) ይቀንሳል፣ ፐርከሽኑ ሃይፐርሬዞናንት (ከበሮ) ነው፣ የትንፋሽ ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ትንሽ ከሆነ ግን ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ሁለቱን ጎን እያፈራረቃችሁ አወዳድሩ፣ ብብት ሥርም ስሙ። አንገትና ደረት ላይ ስትነኩት እንደ በረዶ ከረጭረጭ ካለ ሰብኩቴኒየስ ኤምፊዚማ ነው፣ አየሩ ቆዳ ሥር ገብቷል ማለት ነው።

ከበሮውን ከጠበቃችሁት ቦታ ታች ላይ ደፈን ያለ ድምፅ ካገኛችሁ ደግሞ ፈሳሽም አብሮ አለ፣ ሄሞ (ደም) ወይም ፓዮኒሞቶራክስ (መግል)። ኤክስሬዩ ላይ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል አግዳሚ መስመር ታያላችሁ።

ቴንሽን መሆኑን በምን አውቃለሁ? ኤክስሬይ ልጠብቅ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። ሰውዬው እየተዳከመ ከሆነ አትጠብቁ። በአንድ ጎን ድምፅ የለም፣ ከበሮ ነው፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ ኦክስጅን መጠን) እየወረደ ነው፣ ፕሬዠሩ እየወረደ ነው፣ በቃ ይሄ ይበቃል። የአንገት ደም ሥር መወጠርና የትራኪያ መገፋት ካያችሁ ጥሩ፣ ካላያችሁ ግን ቴንሽን አይደለም ማለት አይደለም። ትራኪያ የምትገፋው ዘግይታ ነው፣ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ አንገቱ ላይ የሚወጠር ደም የለውም። እነዚህን ሁለቱን እየጠበቀ ጊዜ ያጠፋ ብዙ ሰው አለ።

ሌላው ነገር በራሱ የሚተነፍስ ሰውና ቬንትሌተር ላይ ያለ ሰው አንድ አይነት አይደሉም። በራሱ የሚተነፍሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚጨነቀው፣ ፕሬዠሩ ቆይቶ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ከሱ ጋር እያወራችሁ ከሆነና ፕሬዠሩ ጥሩ ከሆነ አልትራሳውንድ ወይም አልጋው ላይ ኤክስሬይ ለማድረግ ትንሽ ጊዜ ሊኖራችሁ ይችላል፣ መርፌውን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ። ቬንትሌተር ላይ ያለው ግን ማሽኑ አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚሄደው፣ የኤርዌይ ፕሬዠር አላርም፣ ከዛ ሳቹሬሽን፣ ከዛ ፕሬዠር። እሱ ላይ ቱቦው ወጥቶ ወይም ተደፍኖ ወይም አንድ ብሮንከስ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆንም አብራችሁ አስቡ።

ታምፖናድ (ልብ ዙሪያ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልብን ሲጫን) ሊመስላችሁ ይችላል፣ ፕሬዠር ዝቅ አንገት ውጥር ስለሚል። እዛ ግን የሁለቱም ሳንባ ድምፅ እኩል ነው።

መርፌው የት ነው የሚገባው? ሁለተኛው ወይስ አምስተኛው?

ሲኒየራችሁ ሁለተኛው ኢንተርኮስታል (በጎድን አጥንቶች መሀል ያለው ክፍተት)፣ ሚድክላቪኩላር ላይን (ከአንገት አጥንት መሀል ወደ ታች የሚወርደው መስመር) ካላችሁ አልተሳሳተም፣ እሱ የተማረው እንደዛ ነው። ኤቲኤልኤስ (የትራውማ ሕክምና ሥልጠና መመሪያ) በ2018 በወጣው 10ኛ እትሙ ላይ ለአዋቂ ወደ አራተኛው ወይም አምስተኛው ኢንተርኮስታል፣ ከሚድአክሲላሪ ላይን (ከብብት መሀል የሚወርደው መስመር) ትንሽ ወደ ፊት፣ ቀይሮታል፣ ምክንያቱም ከፊት ያለው ጡንቻና ስብ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ይቀራል። ህጻናት ላይ ግን አሁንም ሁለተኛው ነው። ፈተና ላይ ዕድሜውን አንብቡ።

14 ጌጅ ካኑላ (ላስቲክ ቱቦ ያለው መርፌ)፣ ብርቱካናማዋ፣ ካለ ረጅሙ። ከታችኛው የጎድን አጥንት የላይኛው ጠርዝ ታክካችሁ ግቡ፣ ነርቩና ደም ሥሩ ከየአጥንቱ በታች ነው የሚሄደው። ሸሸሸ የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ፣ ካልሰማችሁ ደግሞ ካኑላው አጥሮ ወይም ተጣጥፎ ሊሆን ስለሚችል ሰውዬውን እዩት እንጂ ድምፁን አትመኑ። ካልተሻለው በጣት ነው፣ ቆዳውን ቆርጣችሁ በፎርሴፕስ ከፍታችሁ ጣታችሁን ፕሉራው ውስጥ ማስገባት። መርፌ ሕክምናውን አይጨርስም፣ ቸስት ቲዩብ ይከተላል።

ኤክስሬዩን እንዴት ልየው?

የምትፈልጉት ቀጭን ነጭ መስመር ነው፣ የሳንባው ጠርዝ፣ ከሱ ውጪ የደም ሥር ጥላ የለም። ቆሞ የተነሳ ከሆነ አየሩ ላይ ስለሚወጣ ጫፉን፣ ከክላቪክሉ (ከአንገት አጥንቱ) በላይ ያለውን፣ ጊዜ ሰጥታችሁ እዩ። ተኝቶ የተነሳ ከሆነ አየሩ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሄድና መስመሩ ላይታይ ይችላል፣ ይልቁንም በአንድ በኩል ያለው ኮስቶፍሬኒክ አንግል (ድያፍራምና የጎድን አጥንት የሚገናኙበት ማዕዘን) ከልክ በላይ ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። ትራውማ በሽተኛ ሁሉ ተኝቶ ስለሚነሳ ይሄን ልመዱት።

የሚያታልሉ ነገሮች አሉ፣ የቆዳ እጥፋት፣ የስካፑላ (የትከሻ አጥንት) ጠርዝ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቡላ ነው፣ ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ሳንባ ውስጥ ያለ ትልቅ የአየር ከረጢት። ኒሞቶራክስ መስሏችሁ ቱቦ ካስገባችሁበት እናንተ ናችሁ ኒሞቶራክሱን የምትፈጥሩት፣ ያውም የማይደፈን። ጥርጣሬ ካለና ሰውዬው ከተረጋጋ ሲቲ ጠብቁ።

አልትራሳውንድስ?

ከተማራችሁት ትወዱታላችሁ። ጤነኛ ሰው ላይ ሁለቱ ፕሉራ ሲንሸራተቱ ይታያል፣ ኒሞቶራክስ ላይ መንሸራተቱ የለም፣ ኤም-ሞድ ላይ (እንቅስቃሴን በመስመር የሚያሳየው ስክሪን) ደግሞ በባህር ዳርቻ አሸዋ ፈንታ ባርኮድ የሚመስል ነገር ታያላችሁ። መንሸራተት ካለ እዛች ነጥብ ላይ ኒሞቶራክስ የለም። መንሸራተት ከሌለ ግን የግድ ኒሞቶራክስ አይደለም፣ ፕሉራው የተጣበቀበት የድሮ ቲቢ በሽተኛም አይንሸራተትም፣ ይሄ ለኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው። መንሸራተቱ የሚጀምርበትንና የሚቆምበትን ድንበር ካገኛችሁ ያኔ አበቃ፣ ኒሞቶራክስ ነው።

ኒሞቶራክስ ያለበት ሁሉ ቱቦ ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም፣ እና እዚህ ላይ ነገሩ በጣም ተቀይሯል። የእንግሊዙ ቢቲኤስ (የደረት ሕክምና ማኅበር) የ2010 መመሪያ በሂለም (ብሮንከሱና ደም ሥሩ ወደ ሳንባ የሚገቡበት ቦታ) ደረጃ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ትልቅ ይል ነበር፣ የአሜሪካው ኤሲሲፒ (የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ) የ2001 ደግሞ ከጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር። ሁለቱም ፈተና ላይ ይመጣሉ። በ2020 ግን ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የወጣ ጥናት 316 መካከለኛና ትልቅ ፕራይመሪ ኒሞቶራክስ ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ግማሹን ምንም ሳያስገባ ተከታተለ፣ ከነሱ 85 ፐርሰንት ያህሉ ምንም ፕሮሲጀር አላስፈለጋቸውም። የ2023ቱ የቢቲኤስ መመሪያ ከመጠን ይልቅ ወደ ምልክት ዞሯል። ሰውዬው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ህመሙ በማስታገሻ ይያዛል፣ ሌላ የሳንባ በሽታ የለበትም፣ እንግዲያው ትልቅም ቢሆን መከታተል ይቻላል።

የኔ አስተያየት፣ ይሄን እዚህ ስትተገብሩ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ቤቱ የት ነው? ሆስፒታሉ አጠገብ የሚኖር ተማሪና ከሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ አንድ አይነት ኤክስሬይ ይዘው ቢመጡም አንድ አይነት ውሳኔ አይገባቸውም። ሁለተኛውን አስተኝቼ አየዋለሁ። ሴኮንደሪ የሆነ፣ ሁለቱም ጎን የሆነ፣ ደም የተቀላቀለበት፣ ሳቹሬሽኑ የወረደ፣ ፕሬዠሩ የተነካ፣ እነዚህን ግን ዝም ብሎ ማየት የለም።

ኦክስጅን ምን ያደርግለታል?

ሳቹሬሽኑን ከማስተካከል ሌላ አየሩ ቶሎ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ፕሉራው ውስጥ የገባው አየር አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን ስትሰጡት ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ይቀንስና ከፕሉራው ወደ ደም የሚሄደው ይፈጥናል። ያለ ኦክስጅን በቀን ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት አካባቢ ነው የሚመጠጠው፣ ስለዚህ ትልቅ ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ሲኦፒዲ ያለበት ላይ ግን ሳቹሬሽኑ ከ88 እስከ 92 ፐርሰንት ይበቃል።

ቸስት ቲዩብ ሳስገባ ምን ልጠንቀቅ?

ቦታው ሴፍቲ ትሪያንግል ነው፣ ከፊት የፔክቶራሊስ (የደረት ጡንቻ) ጠርዝ፣ ከኋላ የላቲሲመስ (የጀርባ ጡንቻ) ጠርዝ፣ ከታች የጡት ጫፍ ደረጃ። በሽተኛውን ከወገብ በላይ ቀና አድርጉት፣ እጁን ከራሱ ኋላ። ሊዶካይን በደንብ ስጡ፣ ያለ አድሬናሊን በኪሎ እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፔሪኦስቲየሙንና (የአጥንቱን ሽፋንና) ፕሉራውን አትዝለሉ፣ ያለሱ ይሄ ስቃይ ነው። እያደነዘዛችሁ ሳቡ፣ ሲሪንጁ ውስጥ አየር ካልመጣ እዛ ቦታ ላይ ቱቦ አታስገቡ፣ ቆማችሁ አስቡ።

በአጥንቱ ላይኛ ጠርዝ፣ በፎርሴፕስ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ጣታችሁን አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ፣ ሳንባው የተጣበቀ ካለ ታገኙታላችሁ። ትሮካሩን (ከቱቦው ጋር የሚመጣውን ሹል ብረት) ጣሉት። ለአየር ብቻ ከሆነ ቀጭን ቱቦ ይበቃል፣ ከ8 እስከ 14 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ)፣ ካለ። ትራውማ ሆኖ ደም ካለ ከ28 እስከ 32። የቱቦው ቀዳዳዎች በሙሉ ደረት ውስጥ መግባታቸውን እዩ፣ ስፉ፣ ኤክስሬይ አንሱ።

ጠርሙሱ ላይ ምን ነው የማየው?

ከደረቱ የወጣው ቱቦ ጠርሙሱ ውስጥ ባለው ውሃ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል መጥለቅ አለበት። ከዛ በላይ ከሆነ አየሩ ለመውጣት ይከብደዋል፣ ከውሃው በላይ ከሆነ ደግሞ ዋተር ሲሉ (አየር እንዳይመለስ የሚዘጋው ውሃ) የለም። በትንፋሹ ውሃው ከፍ ዝቅ ካለ ቱቦው ክፍት ነው። አረፋ ካለ አየር እየወጣ ነው። ውሃው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ቱቦው ተደፍኗል ወይ ተጣጥፏል ወይ ሳንባው ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቷል፣ የቱ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

ጠርሙሱ ሁሌም ከደረቱ በታች። ይሄን ለአስታማሚው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ሁሉ ንገሩት፣ ምክንያቱም ወደ ኤክስሬይ ሲሄዱ ጠርሙሱን አልጋው ላይ በሽተኛው እግር መሀል የሚያስቀምጠው አስታማሚው ነው፣ ለመርዳት ብሎ። ሲያጓጉዙትም አረፋ የሚያወጣን ቱቦ ክላምፕ አታድርጉ (ቆንጥጣችሁ አትዝጉ)፣ በገዛ እጃችሁ ቴንሽን ትሰራላችሁ።

ሰክሽን (መምጠጫ ማሽን) ገና ከመጀመሪያው አታያይዙ። ብዙ ቀን ተሰብስቦ የቆየን ሳንባ በአንዴ ስትዘረጉት ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ በሽተኛው ሳል በሳል ሆኖ ሳቹሬሽኑ ይወርዳል። አረፋው ቆሞ አንድ ቀን ካለፈውና ኤክስሬይ ላይ ሳንባው ከተዘረጋ ቱቦው ይወጣል።

ደረቱ ላይ ክፍት ቁስል ካለስ?

አየር ሲስብ የምትሰሙት ከሆነ፣ አየር በማያሳልፍ ነገር ሸፍናችሁ በሦስት ጎን ለጥፉት፣ አራተኛው ክፍት ይሁን። ቱቦውን በቁስሉ ሳይሆን በሌላ ቦታ አስገቡ። ከሸፈናችሁት በኋላ ከባሰበት ሽፋኑን ቶሎ አንሱት።

ሪፈር ልጽፍ ነው፣ ቱቦ ሳላስገባ ልላከው?

ከየት ወደ የት? ቀልድ አይደለም። ከሰመራ አካባቢ፣ ከ500 ሜትር በታች ካለ ቆላ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ወዳለችው ደሴ በአምቡላንስ ስትልኩት የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ደረቱ ውስጥ የታሰረው አየር ከሩብ በላይ ይሰፋል፣ መንገድ ላይ። ትንሽ የነበረው ትንሽ ላይሆን ይችላል። ዳገት የሚወጣ ወይም በአውሮፕላን የሚሄድ ወይም ኢንቱቤት የተደረገ (የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት) በሽተኛ ቱቦው ገብቶለት ነው መውጣት ያለበት። ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ እንደማይሆን ንገሩ፣ አየሩ ውስጥ እየገባ ያሰፋዋል።

ቤት ሲሄድ ምን ልበለው? አውሮፕላንስ?

ሲጋራ ይተው። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ይመለስበታል፣ አብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ። ድጋሚ ከመጣ የቀዶ ሕክምና ነገር ይነሳል፣ ብሌቡን ማውጣትና ፕሉራውን ማጣበቅ። ከውሃ በታች ዳይቪንግ በቃው፣ የሚሰራ ከሆነ። አውሮፕላን ኤክስሬይ ላይ ሙሉ ለሙሉ መዳኑ ከታየ ከ7 ቀን በኋላ ነው። አንዱ ተማሪ "ግን እኮ አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ናት፣ የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት ከቦሌ ብዙም አይለይም" ብሎ ተከራክሮኛል፣ ልክ ነው፣ ካቢኑ ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። ለሐኪም ፈተና ጥሩ መልስ ነው። ለበሽተኛው ግን 7 ቀን፣ ምክንያቱም ሲመለስ የሚነሳው ከጅዳ ወይም ከዱባይ ነው፣ ከባህር ጠረፍ፣ እና ሰማይ ላይ ውጋቱ ቢነሳበት ቱቦ የሚያስገባለት የለም።